ግድግዳ ወይስ ሰማይ

አድምጡኝማ፣ አንድ የቆየ ታሪክ ላውጋችሁ። ቦታው ከኒው ዮርክ ከተማ ወጣ ብሎ ያለው የሎንግ አይላንድ ባሕር ዳርቻ ነው። ዘመኑ 1933፤ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እንደምጠራ ከወዲሁ ያዙልኝ። ብርድ የገባበት የኖቬምበር ቀን ነው፤ ለዋና ቀርቶ ለሽርሽርም የማይመች ቀን። በዚያ ብርድ ሉሲል ብሮኮ የምትባል ሞዴል የዋና ልብስ ለብሳ፣ ከላይ ካባ ደርባ አሸዋው ላይ ቆማለች።

ፊት ለፊቷ ካሜራ ይዞ የቆመው ሰው ማርቲን ሙንካቺ ይባላል። በ1896 የተወለደ የሀንጋሪ ሰው ነው። ቡዳፔስት ውስጥ ስፖርት እያነሣ ስም አወጣ፤ ከዚያም በርሊን ሄዶ ለትልቅ የሥዕል ጋዜጣ ሠራ። የሚያውቀው የሚዘል በረኛ፣ የሚሮጥ ፈረስ፣ ውኃ ሰንጥቆ የሚያልፍ ሞተረኛ ማንሣት ነው። ፋሽን የሚባል ነገር አንሥቶ አያውቅም። እንግሊዝኛም አይችልም።

ታዲያ እነዚህን ሰዎች በዚያ ብርድ ባሕር ዳር ምን አገናኛቸው? ካርሜል ስኖው ናት ያገናኘቻቸው፤ የሃርፐርስ ባዛር መጽሔት የፋሽን አዘጋጅ። ለመጽሔቱ የሚሆነው የዋና ልብስ ፎቶ ስቱዲዮ ውስጥ ተነሥቶ አልቆ ነበር። ሞዴሏ በሸራ ላይ ከተሳለ ባሕር ፊት ቆማ ተነሥታለች። ስኖው አየችውና አልተዋጠላትም። እንደገና ይነሣ አለች፤ ያውም ደጅ ወጥቶ፣ ያውም እውነተኛ ባሕር ዳር። የመጽሔቱ ገጾች ሊዘጉ ጥቂት ቀን ነው የቀራቸው፤ ወጪውም ሌላ ጣጣ ነው። እሷ ግን አልተመለሰችም።

ሙንካቺ እጁን እያወናጨፈ ይናገራል፤ ማንም አይገባውም። በኋላ በአስተርጓሚ ሐሳቡ ተገለጠ፤ ልጅቷ እንድትቆም አይፈልግም፣ ወደ እሱ እንድትሮጥ ነው የሚፈልገው። ሞዴል መሮጥ? በዚያ ዘመን ተሰምቶ አይታወቅም። ሉሲል ብሮኮ ግን ሮጠች። ካባዋ ከኋላዋ ተንሳፈፈ፣ እግሯ ከአሸዋው ተነሣ፣ ፊቷ በከፊል ደበዘዘ። ያ ፎቶ በዚያው ዓመት በዲሴምበር እትም ወጣ። የፋሽን ፎቶ ታሪክ ሲተረክ ከዚያች ቀን በፊትና በኋላ ተብሎ ቢከፈል ማጋነን አይመስለኝም።

ከዚያ በፊት እኮ ሞዴል ማለት በአብዛኛው የምትቆም ሴት ነበረች። ካሜራው ግዙፍ ነው፤ ፊልሙ ብርሃን ለመቅዳት ቀርፋፋ ነው፤ ስለዚህ ሰው እስትንፋሱን ዋጥ አድርጎ መቆም አለበት። ቮግ መጽሔት በ1913 የቀጠረው ባሮን አዶልፍ ደ ሜየር ሴቶቹን ከኋላቸው በሚመጣ ብርሃን እየከበበ፣ ሐርና ዕንቋቸውን እያስንጸባረቀ በክፍል ውስጥ ያነሣቸው ነበር። ውበቱን አልክድም፤ እስከ ዛሬ ያስደምመኛል። ግን እነዚያ ሴቶች ከክፍሉ ወጥተው ወዴት እንደሚሄዱ ከፎቶው አታውቁም። የሚሄዱበት ያላቸውም አይመስሉ።

በመካከሉ ደግሞ ጣራ ላይ የወጣ ሰው አለ። ጆርጅ ሆይኒንገን ሁዌን ይባላል፤ ፓሪስ ለቮግ ይሠራ ነበር። በ1930 አንድ ወንድና አንዲት ሴት የዋና ልብስ ለብሰው፣ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ መዝለያ ሳንቃ ላይ ተቀምጠው ባሕሩን ሲያዩ አነሣ። ፀጥ ያለ አድማስ፣ ሰፊ ሰማይ ይታያል። ባሕር የሚባል ነገር ግን በአካባቢው የለም! የተነሡት በፓሪስ የቮግ ስቱዲዮ ጣራ ላይ ነው። አድማስ የመሰለው የጣራው መከለያ ግንብ ነው፤ ከሌንሱ ትኩረት ውጭ ስለሆነ ደብዝዞ ውኃ መሰለ። ብርሃኑ ግን እውነተኛ የሰማይ ብርሃን ነው፤ ቆዳቸው ላይ ያረፈው ፀሐይ አልዋሸም። ለዚህ ነው ዓይን አምኖ የሚቀበለው። የስኖውን ሞዴል ያበላሸው ሸራው ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ በሸራ ባሕር ላይ የስቱዲዮ መብራት ሲያርፍበት ነው ነገሩ የሚጋለጠው። ሰው ቦታን ከማወቁ በፊት ብርሃንን ያውቃል።

እንግዲህ ስለ ብርሃን ካነሣሁ አይቀር ሥሩን ላሳያችሁ፤ በውስጥና በደጅ መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት እዚያ ነውና። ስቱዲዮ ውስጥ መብራት ከሰው በራቀ ቁጥር ጉልበቱ ቶሎ ይከዳዋል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚደርሰው ብርሃን አንድ አራተኛው ብቻ ይሆናል። ጎበዝ ፎቶ አንሺ በዚህ ሕግ ግድግዳ ይቀይራል። ሞዴሏን ከነጩ ግድግዳ አራት ሜትር አርቆ፣ መብራቱን ወደ ፊቷ ካስጠጋ፣ ነጩ ግድግዳ መጀመሪያ ግራጫ፣ ከዚያም ጥቁር ይሆንለታል፤ ቀለም ሳይገዛ፣ ብሩሽ ሳይነካ። ፀሐይ ግን 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቃ ያለች ናት። ሞዴሏ አሥር ሜትር ወደ ፊት ብትሄድ፣ አሥር ሜትር ወደ ኋላ ብትመለስ የሚያገኛት ብርሃን ያው ነው። ስለዚህ ደጅ የወጣ ፎቶ አንሺ መብራቱን ማንቀሳቀስ አይችልም፤ ሰውን ያንቀሳቅሳል፣ ሰዓት ይመርጣል፣ ጥላ ይፈልጋል።

ይህን ስናገር አዲስ አበባ ትዝ ትለኛለች። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው፤ ፀሐዩ ስል ነው። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አናት ላይ ትወጣለች፤ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ፣ ቀጥ ብላ ከመሐል አናት ትቆማለች። ያን ጊዜ ዓይን በቅንድብ ጥላ ይዋጣል፣ ከአፍንጫ ሥር ጥቁር ጥላ ይወርዳል፣ ግንባርና ጉንጭ ብቻቸውን ያበራሉ። የቱንም ያህል ቆንጆ ሰው አምጡ፣ ያ ፀሐይ ፊቱን የራስ ቅል ያስመስለዋል።

ቅዳሜና እሑድ የሙሽሮች አጀብ ወደ መናፈሻ የሚገባውስ ስንት ሰዓት ነው? ሙሽራዋ ከቤቷ ከወጣች በኋላ፣ አዳራሽ ከመገባቱ በፊት፤ ከ5 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት ባለው መሐል። ከቀኑ ሰዓቶች ሁሉ ለደጅ ፎቶ የማይሆነው እሱ ነው። መርሐ ግብሩ የተሠራው ለምሳ እንጂ ለፎቶ አይደለም፤ ፎቶው ግን ከምሳው ይልቅ ዕድሜ አለው። ይህ ነገር ያንገበግበኛል፤ እዚያ ሣር ላይ በፍቅር የሚተያዩት ልጆች ከዚያ የተሻለ ብርሃን ይገባቸዋልና።

ሐበሻ ቀሚስ ሲጨመርበትማ ችግሩ ሁለት ይሆናል። ካሜራ በአንድ ጊዜ የሚችለው የብርሃንና የጨለማ ልዩነት ልክ አለው። በቀትር ፀሐይ ነጭ ጥጥ ይነዳል፤ ከነጠላው በላይ ያለው የጠይም ሰው ፊት ደግሞ በጥላ ተበልቷል። ፎቶ አንሺው ለፊቷ ከለካ ቀሚሱ ነጭ ወረቀት ሆኖ ይቀራል፤ ሸማኔው ወራት የደከመበት ሽመና ይጠፋል። ለቀሚሱ ከለካ ፊቷ ይጠቁራል። ያንኑ ቀሚስ ክፍል ውስጥ አምጡትና በጎን ካለ መስኮት አጠገብ አቁሙት። ብርሃኑ ጨርቁን እየታከከ ስለሚያልፍ እያንዳንዱ ክር ትንሽ ጥላ ይጥላል፤ ጥለቱ ከጨርቁ ላይ ብድግ ብሎ ይታያል። ስለዚህ ጥበብ ሠሪ ሥራዋን ልታሳይ ሞዴል አልብሳ ብትመጣ፣ የኔ ምክር መስኮት ያለው ክፍል ነው። መስኮት ከሌለ በረንዳ፤ ጀርባው ጨለም ያለ፣ ፊቱ ለሰማይ የተከፈተ በረንዳ።

ደጅ መውጣት ግድ ከሆነ ደግሞ ጠዋት ከ1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት፣ ወይም ከ11 ሰዓት በኋላ። የማታዋ ጊዜ አጭር ናት። ሰሜን አውሮፓ በበጋ ያ ለስላሳ የምሽት ብርሃን ለረጅም ሰዓት ይቆያል፤ በኛ አገር ፀሐይ ቁልቁል ስለምትወርድ አንድ ሰዓት ከሰጠች ብዙ ነው። ሜካፑ እስኪያልቅ፣ መኪናው እስኪመጣ ሲባል ታልፋለች። ሐምሌና ነሐሴ ግን ሰው ይሸሸዋል እንጂ ደመናው ለፎቶ በረከት ነው፤ ሰማዩ በሙሉ የስቱዲዮ መብራትን እንደሚያለሰልስ አንድ ሰፊ ሶፍትቦክስ ይሆንና ዝናቡ ፋታ በሰጠ ቁጥር ቀትር ላይ እንኳ ፊት ያምራል። ዛፍ ሥር የቆመ ሰው ደግሞ መሬቱን ይመልከት፤ ሣር አረንጓዴውን ወደ አገጭ ይልካል፣ ቀይ ግድግዳ ጉንጭን ያቀላል።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። 1948 ነው። ኢርቪንግ ፔን የሚባል አሜሪካዊ ለቮግ ፋሽን ሊያነሣ ፔሩ ሄዷል፤ ሊማ ከተማ ሞዴሏን ጂን ፓቼትን አነሣ። ሥራው ሲያልቅ እንደ ሌሎቹ ወደ ቤቱ አልሄደም። ብቻውን ወደ ኩስኮ ወጣ፤ በአንዲስ ተራሮች ላይ፣ 3,400 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ያለች ጥንታዊ ከተማ ናት። በዙሪያዋ ተራራና የኢንካ ግንብ ሞልቷል። ማንም ፎቶ አንሺ ያንን አይቶ ደጅ ይሮጣል። ፔን ምን አደረገ መሰላችሁ? የአንድ የአካባቢ ፎቶ አንሺ ስቱዲዮ ፈልጎ ተከራየ፤ በሰማይ ብርሃን የሚሠራ፣ የድንጋይ ወለልና የተቀባ መጋረጃ ያለው ክፍል። ወቅቱ የገና ሰሞን ነበር፤ ገበሬው ሁሉ ለበዓል ወደ ከተማ ወርዷል፤ ፎቶ ሊነሣ የመጣው ሰው የለመደውን ባለ ስቱዲዮ ሲጠብቅ ፔንን አገኘ። ሊከፍሉ ለመጡት ሰዎች እሱ ከፈላቸው። በሦስት ቀን ውስጥ ከ200 በላይ ምስል ወሰደ።

ፔን ለምን ተራራውን ተወው? ተራራው ሰዎቹን እንዳይውጣቸው ነዋ። ደጅ ብታነሷቸው የተራራ ፎቶ ይሆናል፤ ሰዎቹ የተራራው ጌጥ ይሆናሉ። በዚያ ባዶ ክፍል ውስጥ ግን ሁለት እጅ ለእጅ የተያያዙ ሕፃናት ብቻ ይቀራሉ፤ የተተረተረ ልብሳቸው፣ ባዶ እግራቸው፣ አዋቂ የመሰለ አተያያቸው። ክፍሉ ዓለምን ቀንሶ ሰውን አስቀረ። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1950 ፓሪስ ላይ፣ ከላይኛው ፎቅ የሰማይ ብርሃን በሚገባበት አሮጌ ስቱዲዮ፣ ያረጀ የቲያትር መጋረጃ ሰቅሎ የዘመኑን ታላላቅ ልብሶች በዚያው ዓይን አነሣ። ካነሣቸው ሞዴሎች አንዷ ስዊድናዊቷ ሊሳ ፎንሳግሪቭስ ናት፤ በዚያው ዓመት ተጋቡ።

ይህችን ሊሳን ልብ በሉልኝ። በ1939 ኤርቪን ብሉመንፌልድ ለፓሪሱ ቮግ ሲያነሣት የት እንደቆመች ታውቃላችሁ? የኤፍል ግንብ 50 ዓመት የሞላው ጊዜ ነበር፤ እሷ የግንቡ ብረት ጫፍ ላይ፣ በአንድ እጇ ተንጠልጥላ፣ ቀሚሷን በሌላው እጇ ለንፋስ ዘርግታ፣ ከሥሯ ፓሪስ በሙሉ ተነጥፋ። ያቺው ሴት ናት፤ ግንቡ ላይ ደፋር፣ በፔን ክፍል ውስጥ ደግሞ ረጋ ያለች። ደጁ የምትሠራው ነገር ሰጣት፤ ክፍሉ የምትሠራውን ሁሉ ወስዶ እሷነቷን ብቻ ተወላት። ሞዴል የሚያነሣ ሰው ቦታ ሳይመርጥ በፊት ይህንን ለራሱ መመለስ ያለበት ይመስለኛል። ይህች ልጅ ስትንቀሳቀስ ነው ራሷን የምትሆነው ወይስ ዝም ስትል? አንዳንዷ ባዶ ግድግዳ ፊት ስትቆም ትደርቃለች፤ መንገድ ስትሻገር ግን ታብባለች። ሌላዋ ሰው በሚያይበት አደባባይ ትሸማቀቃለች፤ በሩ ሲዘጋላት ንግሥት ትሆናለች። ይህንን ካሜራ አይነግራችሁም፤ ልጅቷን አነጋግሩ።

በዚያው በ1948 በእኛው አህጉር፣ ባማኮ ከተማ፣ ሰይዱ ኬይታ የሚባል ወጣት ስቱዲዮ ከፈተ። በልጅነቱ አጎቱ ትንሽ የኮዳክ ካሜራ አምጥተውለት የጀመረ ሰው ነው። ስቱዲዮ ልበለው እንጂ ሥራው በብዛት ግቢው ውስጥ ነበር። ግድግዳው ላይ የገዛ አልጋውን ባለ ዘርፍ ልብስ ሰቀለና በሰማይ ብርሃን ማንሣት ጀመረ። ደጅ ነው እንዳትሉ ጨርቁ አለ፤ ውስጥ ነው እንዳትሉ ንፋሱ አለ። ሰዎቹ ምርጥ ልብሳቸውን ለብሰው ይመጣሉ፤ ያልሞላላቸው ከኬይታ ሰዓት፣ ኮት፣ ሬዲዮ ይዋሳሉ፤ ቬስፓ ላይ ይደገፋሉ። ፊልም ውድ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ለአንድ ሰው አንዴ ብቻ ነው የሚያነሣው። ለዚያች አንዴ ሰውየውን ወንበሩ ላይ አዙሮ፣ ትከሻውን አጋድሎ፣ እጁን አስተካክሎ ያበጀዋል። የሴቶቹ ቀሚስ አበባ ከጀርባው ጨርቅ አበባ ጋር ሲገናኝ የሚፈጠረውን ዜማ ያየ ሰው፣ ተራራና ፏፏቴ ፍለጋ አይንከራተትም። ጨርቁን በየሁለትና ሦስት ዓመቱ ይቀይረው ስለነበር፣ በኋላ ዘመን ፎቶዎቹ መቼ እንደተነሡ የተለየው በጨርቁ ነው።

አሁን የሙንካቺን ባሕር ዳርቻ የወረሰውን ልጅ ላምጣው። ሪቻርድ አቬዶን በ1923 ኒው ዮርክ ተወለደ፤ በልጅነቱ የሙንካቺን ፎቶዎች ከመጽሔት እየቆረጠ መኝታ ክፍሉ ውስጥ ይለጥፍ ነበር። አድጎ ራሱ ለሃርፐርስ ባዛር ሲሠራ ሞዴሎቹን ይዞ ወደ ፓሪስ ጎዳና፣ ካፌና ቁማር ቤት ወጣ። በኦገስት 1955 ደግሞ ዶቪማ የምትባለውን ሞዴል የክርስቲያን ዲዮርን ጥቁር የምሽት ቀሚስ አልብሶ ፓሪስ ውስጥ ሰርከስ የሚታይበት አዳራሽ ወሰዳት፤ እግራቸው በሰንሰለት የታሰሩ ዝሆኖች መካከል አቆማት። ቤት ውስጥ ነው፤ ብርሃኑ ግን ከጣራው ሰፊ መስታወት የሚወርድ የቀን ብርሃን ነው። የዝሆኖቹ ሸካራ ቆዳና የዶቪማ ለስላሳ ክንድ በአንድ ብርሃን ጎን ለጎን ተቀመጡ።

እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ከዚያ በኋላ ያደረገው ነው። ያ የጎዳና ሰው ቀስ በቀስ ወደ ነጭ ወረቀት ገባ። ከ1979 እስከ 1984 በአሜሪካ ምዕራብ እየዞረ ማዕድን ቆፋሪዎችን፣ የከብት ሠራተኞችን፣ መንገደኞችን አነሣ። ወደ ስቱዲዮ አልወሰዳቸውም፤ ስቱዲዮውን ወደ እነሱ ወሰደ። ነጭ ወረቀት በቤት ግድግዳ ወይም በመኪና ጎን ላይ ይለጥፋል፤ ፀሐይ በማይደርስበት ጥላ ውስጥ ያቆማቸዋል፤ ግዙፍ ባለ እግር ካሜራ ተክሎ አጠገቡ ይቆማል። 752 ሰዎች በዚህ መንገድ ተነሡ። ምዕራቡ በነዚያ ፎቶዎች ውስጥ አንድ ተራራ እንኳ የለውም፤ ያለው በከሰል በጠቆረ ፊት፣ በተሰነጠቀ መዳፍ ላይ ነው። ሞዴል ለሚያነሣ ወጣት ይህ ትልቅ ነጻነት ነው። ስቱዲዮ መከራየት ያልቻለ ልጅ ነጭ አንሶላና የሕንፃ ጥላ ካገኘ ስቱዲዮ አለው።

የመጨረሻው ታሪኬ የአገር ልጅ ናት። አይዳ ሙሉነህ በ1974 አዲስ አበባ ተወልዳ በልጅነቷ ከአገር ወጣች፤ በየመን፣ በቆጵሮስና በካናዳ አደገች፤ ዋሺንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተማረች፤ በ2007 ተመለሰች። በ2010 የአዲስ ፎቶ ፌስትን የመሠረተችው እሷ ናት። ሥራዋን ያየ ያውቀዋል፤ ፊታቸው ነጭ ወይም ሰማያዊ የተቀቡ ሴቶች፣ የነደደ ቀይ ልብስ፣ የተቀባ ዳራ፤ ሁሉም ስቱዲዮ ውስጥ በልክ የተቀመረ።

ይህች የስቱዲዮ ሰው በ2018 ዋተርኤይድ ለተባለው ድርጅት ስለ ውኃ እጦት ሥራ እንድትሠራ ተጠየቀች። ውኃ ቀጂ ሴቶችን በተለመደው የዜና ፎቶ ዓይን ማሳየት አልፈለገችም። ሞዴሎቿን፣ ቀለሟን፣ ልብሷን ይዛ ወደ አፋር ወረደች፤ ዳሎል፣ ከባሕር ጠለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ፣ ከዓለም እጅግ ሞቃት ከሚባሉት ቦታዎች አንዱ። ያንን ሙቀት የምታውቁ ታውቁታላችሁ። የፊት ቀለም ቀልጦ የሚወርድበት፣ ሰው ለደቂቃዎች ቆሞ የሚደክምበት ቦታ ነው። ግን የጨው መሬቱ ነጭ ነው፤ ብርሃኑን ከታች ወደ ላይ ስለሚመልሰው ከዓይን ሥር ያለው ጥላ ይሳሳል። አድማሱ ደግሞ ቀጥ ያለ መስመር ነው፤ ከስቱዲዮ ግድግዳ የጠራ።

ያንን ሁሉ ልፋት ስቱዲዮ ውስጥ በተቀባ ሸራ ልታመልጠው ትችል ነበር፤ ሙያው አላት። ነገር ግን ስቱዲዮ ውስጥ ውኃ ከቧንቧ ይመጣል። የሴቶቹ ማሰሮ ባዶ መሆኑን ተመልካች እንዲያምን፣ ጠብታ በሌለበት ምድር ላይ መቆም ነበረባቸው። በዚያ የተወለዱት ሥራዎች «ዋተር ላይፍ» ተብለው በ2019 ለንደን ሶመርሴት ሐውስ ውስጥ ለሕዝብ ታዩ፤ ቀይ ልብስ የለበሱት ሴቶች በነጩ ጨው ላይ ረጅም መንገድ ሲሄዱ።